የእሳት አደጋና የነፍስ አድን አገልግሎት ወጪን ማን ይሸፍን? ከደሴና ከአካባቢዋ የቀረበ ክርክር

የጥያቄው አቅራቢ፦ በደሴና እንደ ደሴ ባሉ የወሎ ከተሞች የእሳት አደጋና የነፍስ አድን አገልግሎትን ለማስኬድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከከተማው መደበኛ በጀት ብቻ ይውጣ ወይስ ከነዋሪው በየወሩ ከውሃ ሂሳብ ጋር አነስተኛ ክፍያ ይሰብሰብ? እኔ ክፍያው ይሰብሰብ ባይ ነኝ። የአንድ ጊዜ ድጋፍ መኪና ሊገዛ ይችላል፤ መኪናውን ሌሊትና ቀን ዝግጁ አድርጎ የሚያቆየው ግን የማይቋረጥ ገቢ ነው።

የሸዋ በር ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን ባምንም አልቀበለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ የማድረስ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የሥራ ግብር የሚከፍል ሰው ለዚሁ ተግባር እንደገና ሲጠየቅ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ዋጋ ተጠየቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች ሌላ የገቢ በር ከፍቷል። ከዚያ ገቢ ለአደጋ አገልግሎት የሚመደበው ድርሻ ሳይታወቅ በኑሮ ውድነት የተጎዳ ሰው ላይ አዲስ ክፍያ መጫን አግባብ አይደለም።

በጡረታ ላይ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ስለ ገንዘቡ ምንጭ ስትከራከሩ ወጪው ምን ምን እንደሆነ አላነሳችሁም። ሕዝቡ የሚያየው ቀዩን መኪና ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን ሰው ነው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ አንዱን ቦታ ያለማቋረጥ ለመሸፈን ከ4 ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰቡ ደግሞ 5 ይሆናል። ስለዚህ 5 ሰው ይዛ የምትወጣ አንዲት መኪና 25 ያህል ደመወዝተኛ ከኋላዋ አለ። ይህን ሳያሰላ መኪና የሚገዛ ከተማ ሾፌር ብቻ ያላት መኪና ይዞ ይቀራል፤ ሾፌር ብቻውን ደግሞ እሳት አያጠፋም።

ቀጥሎ ውሃው አለ። 5,000 ሊትር የያዘች መኪና በደቂቃ 400 ሊትር ብትረጭ ከ12 ደቂቃ ተኩል በኋላ ባዶ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው መሙያው ያለበት ርቀት ነው። ከቦርከና ወንዝ በፓምፕ እንስባለን የሚሉ ሰዎች የደሴን ከፍታ ይረሳሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ ፓምፕ ውሃ ከጥልቅ የመሳብ አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጦሳን ተራራ ተደግፋ በዳገትና በቁልቁለት ለተሠራች ከተማ የሚበጀው በየሰፈሩ አናት ላይ ለአደጋ ብቻ የተጠበቀ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚወርድ ውሃ የያዘ ታንከር ማስቀመጥ ነው። የውሃ ፈረቃ በደረሰ ቁጥር ለሌላ አገልግሎት የሚቀዳ ከሆነ ግን ታንከሩ ባይኖር ይሻላል፤ ሰው ውሃ አለ ብሎ ይዘናጋልና።

የኮምቦልቻ መምህርት፦ የእርስዎ ስሌት እኔን ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስደኛል። ወጪው ይህን ያህል ከሆነ ደሴና ኮምቦልቻ ለምን አንድ የጋራ አገልግሎት አያቋቁሙም? ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። አደጋቸው ከመኖሪያ ቤት አደጋ የሚበልጥ ተቋማት ከነዋሪው የሚበልጥ ድርሻ ቢከፍሉ ፍትሐዊ ነው።

በጡረታ ላይ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ ፋብሪካዎቹ ይክፈሉ በሚለው እስማማለሁ፤ በአንድ ጣቢያ ግን አልስማማም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ውሃ የጫነ መኪና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ስፖንጅ ሶፋና ፍራሽ ያለበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ነዷል፤ እሳቱም ወደ ጎረቤት ተሻግሯል። በጋራ ሊሆን የሚገባው ሥልጠናው፣ የጥገና ጋራዡ፣ ለነዳጅ እሳት የሚውለው ፎምና በመኪና ግጭት የተጨፈለቀ ብረት የሚቆርጠው መሣሪያ ነው። ነፍስ አድን ሲባል የሐረጎ መንገድ አደጋም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ በቺሊ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞች ናቸው፤ በቫልፓራይሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1851 የተጀመረው ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራል። እኛ ደግሞ በየሰፈሩ ቅሬ፣ ሌላው አካባቢ እድር የሚለው፣ አለን። ቅሬዎቻችን ወጣቶችን አሰልጥነው ቢያሰማሩ፣ ገንዘቡንም ቢሰበስቡ ምን ይከለክላል?

የቅሬ ሰብሳቢ፦ ልጄ፣ ቅሬ ገንዘብ ሰብሳቢ እንዲሆን አልፈቅድም። ሰው ለቅሬ የሚያዋጣው ቀባሪ እንዳያጣ፣ ቤተሰቡም በሐዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ብሎ ነው። የከተማ ክፍያ ከዚያ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ቀን ቢጎድል የሚጎዳው ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ያስተሳሰረው መተማመን ነው። ጉልበትና መረጃ ግን አንነፍግም፤ የትኛው ቤት የአልጋ ቁራኛ አዛውንት እንዳሉ፣ የትኛው ግቢ በር በሌሊት እንደሚቆለፍ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በጡረታ ላይ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ በቺሊም ቢሆን ለተሽከርካሪውና ለመሣሪያው መንግሥት ገንዘብ ይመድባል። ያልሠለጠነ ወጣት ጭስ ወደ ሞላበት ቤት ሲገባ መዳን ያለባቸው ሰዎች ቁጥር በአንድ ይጨምራል፤ ቢጎዳ ደግሞ ማን እንደሚያሳክመው አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል። ፈቃደኛውን በደስታ እቀበላለሁ፤ በደመወዝተኛው ምትክ ግን አይደለም።

የኮምቦልቻ መምህርት፦ በውሃ ሂሳብ ላይ የቀረበው ሐሳብም ሊስተካከል ይገባዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ስለሚጋሩ ክፍያው በእነርሱ ላይ ሲወድቅ ባለ ፎቁ የሚከፍለው ከእነርሱ እኩል ይሆናል።

የጥያቄው አቅራቢ፦ ይህን እቀበላለሁ። ክፍያው በቆጣሪ መሆኑ ቀርቶ በሕንፃው ስፋትና በሚሰጠው አገልግሎት ይተመን፤ ነዳጅ ማደያ፣ መጋዘንና ሆቴል ከመኖሪያ ቤት የበለጠ ይክፈሉ።

የሸዋ በር ነጋዴ፦ እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አለዝባለሁ፤ ነገር ግን ገንዘቡ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ገቢና ወጪውም በየሩብ ዓመቱ በየቀበሌው ይለጠፍ። ከፋዩም ባለሕንፃው እንጂ ተከራዩ ነጋዴ አይሁን።

በጡረታ ላይ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ ከነጋዴዎቻችን ደግሞ ከገንዘብ በላይ የምጠይቀው አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ ጥበት ሥራውን ምን ያህል እንዳከበደው ሁላችንም ሰምተናል። በሰኞ ገበያም መንገድ ላይ የሚዘረጋው ሸራና የሚደረደረው ዕቃ ካልተነሣ 25 ሰው ቀጥረንም በእግር መግባታችን ነው።

የሸዋ በር ነጋዴ፦ የእኔን ሸራ አነሣለሁ፤ ጎረቤቶቼንም አነጋግራለሁ። ይሁን እንጂ እስከ የት ድረስ ማንሣት እንዳለብን ማዘጋጃ ቤቱ በቀለም ያስምር፤ መኪናውም ከመታዘዙ በፊት የመተላለፊያዎቻችን ስፋት ይለካ፤ በእኛ ሰፈር የማይገባ ትልቅ መኪና ተገዝቶ ክፍያ እንዳንጠየቅ።