ዳውን ሲንድሮም ላለባት ልጄ ንባብ ከየት ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሿ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ፊደል ማስቆጠር ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ሀ ሁ ሂ ስል ተከትላኝ ትላለች፣ ጣቴን አንዱ ፊደል ላይ ሳደርግ ግን ዝም። ዛሬ የያዘችውን ነገ የለም። የሚገርመኝ፣ የእህቷን ስም ደብተር ላይ ስታይ «የሷ ነው» ትላለች፤ ማንም አላስተማራትም። ዘመድ ሁሉ «ተያት፣ አታስጨንቂያት» ይለኛል። እኔ ግን መተው አልፈልግም። ምን ላድርግ?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦
እህቴ፣ ከእህቷ ስም ጀምሪ! ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። 33ቱን ፊደል በሰባት በሰባት መቁጠር፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ ለእሷ በጆሮ የሚያዝ ዜማ ብቻ ነው። አራት ካርድ ላይ በትልቁ ጻፊ፦ የራሷን ስም፣ የእህቷን፣ እማዬ፣ አባዬ። የእያንዳንዱን ካርድ ሁለተኛ ቅጂና የአራታችሁንም ፎቶ አዘጋጂ። መጀመሪያ ተመሳሳዮቹን ካርዶች ታዛምድ፣ ከዚያ «አባዬ የቱ ነው?» ስትያት ትጠቁም፣ ራሷ ማንበቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልትሳሳት ስትል «አይደለም» ከማለት እጇን ይዘሽ ወደ ትክክለኛው ውሰጃት፣ ምክንያቱም እነዚህ ልጆች ደጋግመው ከተሳሳቱ ቶሎ ይሸሹሻል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ፊደሉ አይቀርም፤ ብዙ ቃል ስትይዝ ከምታውቀው ቃል ውስጥ አውጪው። «አባዬ» ላይ ያለችውን «ባ» «ባቡር» ላይ ፈልጉ።

የወንድ ልጅ አባት፦
መምህርቷ ያሉት ለዳውን ነው፣ ለሁሉም እንዳይመስላችሁ። የኔ ልጅ ዊሊያምስ ሲንድሮም አለበት፣ 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ክፍል ይጎድለዋል። ወሬ ይችላል፣ ተረት ከነገርሽው ይደግምልሻል፣ ቅርጽ መለየት ግን ፈተናው ነው። «ለ»፣ «ሰ» እና «በ» ይምታቱበታል። በካርድ ብዙ ደከምን። የሠራልን ድምፅ ነው፤ ቃሉን ቆራርጠን እያጨበጨብን፣ ከዚያ ድምፁን ከፊደሉ ጋር። የልጁን ሁኔታ ሳያውቁ ዘዴ መምረጥ ጊዜ ያባክናል።

የንግግር ባለሙያ፦
ጆሮዋ ተመርምሯል? ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ብዙ ልጆች የጆሯቸው መካከለኛ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም አንዳንድ ቀን ደህና ይሰማሉ፣ አንዳንድ ቀን አይሰሙም። ሰው ግን «እምቢተኛ ናት» ይላል። ዓይኗንም አሳዪ፤ ቅርብ ያለ ነገር ጥርት ብሎ የማይታያቸው ብዙ ናቸው፣ መነጽር ብቻ ነገሩን ሊቀይረው ይችላል። ደግሞ አፏን እስክትፈታ አትጠብቂ። የተነገረ ቃል ወዲያው ይጠፋል፣ የተጻፈው ግን ፊቷ ይቆያል። አንብበው መናገር የጀመሩ ልጆች አሉ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጆሮዋን አስመርምሬ አላውቅም፣ በዚህ ሳምንት እወስዳታለሁ። ማታ አራቱን ካርድ ጻፍኩ። እህቷ አብራን ተቀመጠች። ሦስቱን በእጇ መራኋት፣ «አባዬ» የሚለውን ግን ሳልነካት አንስታ ፎቶው ላይ አስቀመጠችው። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፏ እንደተነሳች ካርዶቹ የታሉ ብላ መሳቢያውን ከፈተች።