ልጄን ለኦቲዝም በግል ማስመርመር እፈልጋለሁ፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ለንደን ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ጸጥ ብላ ትውላለች፤ መምህሯ «ሁለት ቋንቋ ስለምትናገር ነው፣ ዓይን አፋር ናት» ትለኛለች። ማታ የሚሆነውን የማየው ግን እኔ ነኝ። በሩን እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የካልሲዋ ስፌት ጣቷን ከነካት አትራመድም። ወጥ የነካውን እንጀራ አትቀምስም፤ ለየብቻ መቅረብ አለበት።

ሴቶች ልጆች የጓደኞቻቸውን አኳኋን እየቀዱ ችግራቸውን ስለሚሸፍኑ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታወቅላቸው። የእኔዋም እንደዚያው ናት፣ እርግጠኛ ነኝ።

ሐኪማችን ለምርመራ ከላከችን ዓመት አለፈ፤ ወረፋው አይንቀሳቀስም። ለግል ምርመራ የሚሆን ገንዘብ ቆጥቤያለሁ፤ የምፈራው ከፍዬ ያመጣሁትን ውጤት ትምህርት ቤቱ አልቀበልም እንዳይለኝ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻውን ይበቃል ወይስ የሕፃናት ሐኪምና የንግግር ባለሙያም አብረው ሊያዩዋት ይገባል? እዚህ እንግሊዝ «የመምረጥ መብት» በሚባለው በኩል፣ ከመንግሥት የጤና አገልግሎት ጋር ውል ያለውን የግል ተቋም መርጦ ያለ ክፍያ መታየት ይቻላል፤ ወረፋ ላይ እያለ ወደዚያ የተዛወረ አለ? አማርኛ የሚሰማ መርማሪ የምታውቁም ንገሩኝ፤ ሆዷ ሲብስ የምትናገረው በአማርኛ ብቻ ነው።