ሁለት የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች፦ እኩል ወርቅ ይዘው ዋጋቸው ይለያያልን?

ወራሹ፦
ከአጎቴ የወረስኳቸው ሁለት የአሜሪካ የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች አሉኝ። በአንደኛው ላይ 1904፣ በሌላኛው ላይ 1884 ተጽፎባቸዋል፤ የኋለኛው ከንስሩ ሥር ሁለት “ሲ” የሚባሉ የላቲን ፊደላት ሲኖሩት የመጀመሪያው ምንም ፊደል የለውም። አንድ ነጋዴ ሁለቱንም በወርቅነታቸው ብቻ መዝኖ ሊገዛኝ ፈልጓል። ይህ ተገቢ ነውን? ከመሸጤ በፊትስ ቡናማ ነጠብጣባቸውን ባጸዳ ይሻላልን?

የቆየ ሰብሳቢ፦
እባክዎ አያጽዷቸው። ነጠብጣቡ ከወርቁ ጋር ከተቀላቀለው መዳብ የሚመጣ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል እንኳ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ጭረት ስለሚተው፣ ሰብሳቢዎች ለተወለወለ ሳንቲም የሚከፍሉት ያነሰ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ 33.436 ግራም የሚመዝንና 90 በመቶው ወርቅ የሆነ ሳንቲም ስለሆነ፣ የዕለቱን የአንድ ትሮይ አውንስ (የወርቅ መለኪያ፣ ወደ 31.1 ግራም) ዋጋ በ0.9675 ቢያባዙት የወርቁን ዋጋ ያገኛሉ። ፊደል የሌለው የ1904ቱ በፊላደልፊያ ከ6 ሚሊዮን በላይ የታተመ በመሆኑ፣ እጅግ በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ ካልሆነ በስተቀር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሁለቱ “ሲ” ግን ሳንቲሙ በኔቫዳ ካርሰን ሲቲ መታተሙን ያመለክታሉ፤ ያ ማተሚያ ቤት ወርቅ ያተመው ከ1870 እስከ 1893 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ያውም በአነስተኛ ቁጥር ስለሆነ፣ በወርቅ ዋጋ ብቻ መስጠት ኪሳራ ነው።

ሚዛን፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፊደላቱ በኋላ የተጨመሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስፋቱ 34 ሚሊሜትር፣ እፍግታውም በኩብ ሴንቲሜትር ወደ 17.2 ግራም መሆኑን ማረጋገጥ ርካሹን ሐሰተኛ ይለያል እንጂ፣ ከእውነተኛ ወርቅ የተሠራውን አስመሳይ አይለይም። ስለዚህ የካርሰን ሲቲውን እንደ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ላሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ይላኩት፤ እውነተኛነቱን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል። የ1904ቱን መላክ ግን አይታየኝም፤ የግምገማው ክፍያ ከሚያስገኘው ጭማሪ ሊበልጥ ይችላልና።

የቆየ ሰብሳቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ የታተመው ብዛት የተረፈውን ብዛት አያሳይም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ሕዝቡ ወርቁን እንዲያስረክብ ካዘዙ በኋላ እጅግ ብዙ ሳንቲም ቀልጧል፤ አስቀድሞ ወደ አውሮፓ ባንኮች የተላከው ግን ተርፏል። በዚያው በ1933 ከታተሙት የ20 ዶላር ሳንቲሞች አንዱ በ2021 ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው፣ ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ስለቀለጡ ነው።

ወራሹ፦
አመሰግናለሁ። የካርሰን ሲቲውን ሳልነካካ ለምርመራ እልከዋለሁ፤ ለነጋዴው የማቀርበው የ1904ቱን ብቻ ይሆናል።