ጂን «ዝም ማሰኘት» ወይስ «መለጎም»?

ጥያቄ፦ ስለ ኪያር በሽታ የተጻፈ የምርምር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ተመራማሪዎቹ የተክሉን አንድ ጂን «ዝም ሲያሰኙት» ኪያሩ በሽታ መቋቋም ይጀምራል። «ማጥፋት» ልበለው? «ማፈን»? እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ «ማጥፋት» አይበሉት። ጂኑ እዚያው አለ። ጂን ሥራውን የሚያሠራው አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት ልኮ ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ ሲቆራረጥ ጂኑ እያለ እንደሌለ ይሆናል። «ማፈን» ደግሞ ትንፋሽ የማሳጣት ትርጉም አለው፤ ለእኔ ከበደኝ።

እኔ «መለጎም» እላለሁ። «አንደበቱን ለጎመ» እንል የለ? ሥሩ ከልጓም ጋር አንድ ነው። ፈረሱ ልጓም ገባበት እንጂ አልሞተም። ልጓሙ ሊጠብቅም ሊላላም ይችላል። የጂኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ጭራሽ አይጠፋም። «ልሳኑ ተዘጋ» የሚለውንም አስቤው ነበር። ግን እሱን የምንለው ለሚያጣጥር ሰው ነው።

ጂኑ ኤም ኤል ኦ የሚባለው ይሆን? ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ ወደ ሴሉ ለመግባት ይህን ጂን ይፈልጋል። በሩን የሚከፍትለት የተክሉ የራሱ ጂን ነው ማለት ነው። ሲለጎም ሻጋታው ደጅ ይቀራል። የተለጎመው የመከላከያ ጂን ቢሆን ኖሮ ግን ኪያሩ ይብስበት ነበር። ስለዚህ የትኛው ጂን እንደተለጎመ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ።

ጠያቂው፦ አዎ፣ ኤም ኤል ኦ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉ በተፈጥሮው ይህን ሻጋታ የሚቋቋም ኪያርም ያነሳል። እሱንም «የተለጎመ» ልበለው?

መልስ፦ እሱንስ አይበሉት። እዚያ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ጂኑ መሃል ገብቶ አበላሽቶታል። «የተሰበረ» ይሻላል።

«ልጉም» ሊባል የሚችለው የእኛው ገብስ ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስ ውስጥ ይኸው ጂን ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን የራሱ ጎዶሎ ቅጂዎች ከፊቱ ተደርድረው መልእክቱን ያሰናክሉታል። ብዙ የአውሮፓ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ሻጋታውን የሚቋቋሙት ይህን ወርሰው ነው። ገበሬዎቻችን ያቆዩት ዘር ነው። መጀመሪያ ሳነበው ልቤን ሞላው። የግርጌ ማስታወሻ ካለዎት «ልጉም ጂን» ብለው ይህን ገብስ በምሳሌነት ያስገቡት።