ሁለት ንድፈ ሐሳብ በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ላይ ነው። መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። የሥነ ምህዳር ምሁሩ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ሀብት መራቆቱ አይቀርም ሲል፣ እርሷ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ፣ በክትትልና ደረጃ በደረጃ በሚከብድ ቅጣት ሊጠብቁት እንደሚችሉ አሳይታለች።

በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ስጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዓይኑ በጠበበ መረብ የዓሣ ጫጩት የሚያወጣውን ሰው ሁሉም ያውቁታል፤ የሚያጋልጠው የለም። አንድ አዛውንት ከመረባቸው ቀና ሳይሉ «ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አሉኝ። ይህ ወደ ፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጄምስ ስኮት የሞራል ኢኮኖሚ ይወስደኛል፤ ከትርፍም ከደንብም በፊት የዕለት ጉርስ የማግኘት መብት ይቀድማል ወደሚለው።

ሁለቱን አጣምሬ ያቀረብኩትን ረቂቅ አማካሪዬ መለሱት። አንዱ ሰውን ጥቅሙን አስልቶ የሚወስን፣ ሌላው በማኅበረሰቡ ግብረ ገብ የሚመራ አድርጎ ስለሚነሳ አይገጥሙም ባይ ናቸው። ኦስትሮም ራሷ ስለ መተማመንና ውለታ መመላለስ አብዝታ መጻፏን ባነሳም አልተቀበሉኝም። አንዱን ብጥል ደግሞ ግማሹ ቃለ መጠይቅ አብሮ ይወድቃል።

አለመቅጣትን ራሱን እንደ ደንብ ቆጥሬ ሁለቱን በአንድ ማዕቀፍ ለማስኬድ በየትኛው የፍልስፍና መሠረት ላይ ልቁም?