162 ጨዋታ ተለፍቶ በ5 ጨዋታ መውደቅ፦ የ12 ቡድን ፕሌይኦፍ በዛ ወይስ ልክ ነው?

ልጅ ራይኒየር፦ እንኳን ለመስቀሉ አደረሳችሁ። የ2025 የአሜሪካ ቤዝቦል (MLB) ሲዝን ትናንት እሁድ አለቀ፣ ነገ ማክሰኞ ዋይልድ ካርዱ (ዲቪዥን ሳይወስዱ በውጤታቸው የገቡ ቡድኖች ያሉበት የመጀመሪያው ዙር) ይጀምራል፣ እኔ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የኛ ሲያትል ማሪነርስ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዲቪዥኑን (ምድቡን) ወሰደ፣ ካል ራሊ ካቸር (ኳስ ተቀባይ) ሆኖ 60 ሆም ራን መታ፣ ዲቪዥኑን ባረጋገጥንበት ማታ ሁለት ደርቦ ነው 60 የሞላው፣ ሰፈሩ ሁሉ በመኪና ጥሩምባ ሲናወጥ ነበር ያመሸው። ባይ ስላገኘን የመጀመሪያውን ዙር ሳንጫወት እስከ ቅዳሜ እናርፋለን። አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ በ2022 የመጣው የ12 ቡድን ፕሌይኦፍ (ከሁለቱ ሊጎች 6 6 ቡድን) ፍትሃዊ ነው? ሲንሲናቲ 83 አሸንፎ 79 ተሸንፎ ገባ እኮ! ሚልዋኪ 97 አሸንፏል። እኔ በዛ ባይ ነኝ።

የዳላሷ፦ አልበዛም። እኛ ሬንጀርስ በ2023 በዋይልድ ካርድ ገብተን ዋንጫ በላን፣ ከሜዳችን ውጪ 11 ተጫውተን 11ዱንም አሸነፍን። ደግሞ ማን ዋይልድ ካርድ እንዳደረገን ታውቃለህ? እናንተ! በመጨረሻው ቀን 1 ለ 0 አሸንፋችሁን ዲቪዥኑ ለሂውስተን ሄደ። ባዩን እነሱ ወሰዱ፣ እኛ ዙሩን በሙሉ ተጫውተን መጥተን እነሱኑ በ7 ጨዋታ ጣልናቸው። አመሰግናለሁ ወንድሜ 😂

ልጅ ራይኒየር፦ እሱን ባታነሺው ምን ነበረበት

ቦሌ ጋነር፦ እኔ ቤዝቦል አላይም ግን ያጎቴ ልጅ ነው እዚህ ያስገባኝ። ስድስት ወር ተጫውተው አንደኛ የወጣው ዋንጫውን ካልወሰደ ታዲያ ሊጉ ምን ይሰራል? እንደ ፕሪምየር ሊግ አንደኛው ይውሰድ አለቀ።

ዲሲ ናትስ፦ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣ ክለብ ደጋፊ ፕሌይኦፍን ሲቃወም ማየት ይገርማል፣ ቢኖርላችሁ እኮ አንዱን ትወስዱ ነበር። ቁም ነገሩ ግን እዚህ 30 ቡድን ነው፣ ሁሉም እንደ እንግሊዝ ደርሶ መልስ እኩል አይጋጠምም፣ ከራስህ ዲቪዥን ቡድኖች ጋር 13 13 ጊዜ ትጫወታለህ ከሌላው ጋር ትንሽ። ደካማ ዲቪዥን የደረሰው ዝም ብሎ ድል ይሰበስባል። ስለዚህ 97 ማሸነፍ እና 93 ማሸነፍ በአንድ ሚዛን አይለካም። እኛ በ2019 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነው የጀመርነው፣ ሰው ሁሉ አልቅሶ ቀብሮን ነበር፣ በዋይልድ ካርድ ገብተን 106 ያሸነፈውን ዶጀርስ ከዛ 107 ያሸነፈውን ሂውስተን ጣልን። ያ በር ዝግ ቢሆን ኖሮ ናትስ ዛሬም ዋንጫ የለውም።

ጋሽ ኤልኤ፦ ልጆች እኔ የምናገረው ከቁስሌ ነው። እኛ ዶጀርስ በ2022 111 አሸነፍን፣ 89 ያሸነፈው ሳንዲያጎ በአራት ጨዋታ አባረረን። በሚቀጥለው ዓመት 100 አሸንፈን 84 ያሸነፈው አሪዞና 3 ለ 0። ሁለቱንም ጊዜ ባይ ነበረን። ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እንኳን ዕረፍቱ ይጠቅመዋል፣ ባት የሚይዘው ልጅ ግን በየቀኑ ኳስ ማየት የለመደ ነው፣ አምስት ቀን አስቀምጠኸው 98 ማይል ስትወረውርበት ገላው ቀዝቅዞ ይጠብቅሃል። ዘንድሮ 93 ብቻ ስላሸነፍን ባይ የለንም፣ ነገ እንጫወታለን፣ እኔ ደስ ብሎኛል።

ልጅ ራይኒየር፦ ጋሼ እርስዎ ደግሞ ከአርብ እስከ እሁድ ሦስቱንም ወስደውብን ሲያበቁ

ጋሽ ኤልኤ፦ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም ልጄ

ዲሲ ናትስ፦ ባዩን አታጋኑት። ከ2022 እስከ 2024 ባይ ያገኙት 12 ናቸው፣ 6 አለፉ 6 ወደቁ፣ ሳንቲም ወርውረህ የምታገኘው ነው። ዕረፍት ገደላቸው ለማለት አይበቃም።

ልጅ ራይኒየር፦ እኔ የምለው እሱኑ አይደል እንዴ! 162 ጨዋታ ተለፍቶ የሚገኘው ሽልማት የሳንቲም ዕድል ከሆነ ሽልማቱ ምኑ ላይ ነው? የቡድን ቁጥር ይቀነስ፣ ካልሆነ ለአንደኛው ጉርሻ ይጨመርለት። ጃፓኖች የሊግ አሸናፊያቸው የመጨረሻውን ዙር አንድ ድል ተቆጥሮለት ነው የሚጀምረው፣ ጨዋታው በሙሉም በሱ ሜዳ ነው።

የዳላሷ፦ በ2024 ምን ሆነ ታዲያ? ሦስተኛ የወጣው ዮኮሃማ ያ ሁሉ ጉርሻ የተሰጠውን ጃያንትስ ጥሎ ዋንጫውን አልወሰደም? ቤዝቦል እንዲህ ነው፣ በአጭር ጊዜ ማንም ማንንም ያሸንፋል፣ ካልፈለግክ ፕሌይኦፉን በሙሉ ሰርዘው። ትናንትን ተመልከት፣ ሜትስ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደሞዝ እየከፈለ በመጨረሻው ቀን በማያሚ 4 ለ 0 ተሸንፎ ከሲንሲናቲ ጋር እኩል 83 ሆኖ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ ተበልጦ ቀረ። 6ኛ ቦታ ባይኖር ትናንት ማን ቲቪ ይከፍት ነበር?

ቦሌ ጋነር፦ እሱማ የቲቪ ገንዘብ ነው በሉና እንገላገል

ዲሲ ናትስ፦ ገንዘብማ ነው፣ ማን ካደ። በ2022 ሎክአውት (ባለቤቶቹ በውል ድርድር ሊጉን የዘጉበት) ጊዜ ባለቤቶቹ 14 ቡድን ነበር የጠየቁት፣ ተጫዋቾቹ ናቸው 12 ላይ ያስቆሙት።

ጋሽ ኤልኤ፦ አንተ የሲያትል ልጅ ግን እናንተም እኮ በ2022 በዋይልድ ካርድ ነው የገባችሁት፣ ቶሮንቶ 8 ለ 1 ስትመራችሁ ተነስታችሁ 10 ለ 9 ያሸነፋችሁ ጊዜ በዛ አላልክም

ልጅ ራይኒየር፦ ጋሼ ያኔ ሁለተኛው ዋይልድ ካርድ ነበርን፣ በድሮውም ሕግ እንገባ ነበር፣ በአዲሱ ሕግ ተጨምሮ የገባው ታምፓ ነው። በ2023 እና በ2024 ደግሞ በአንድ ጨዋታ ነው የቀረነው፣ ያኔም በሩን አስፉልን አላልኩም። እኛ ከ30ው ቡድን ወርልድ ሲሪየስ (የዋንጫውን ፍጻሜ) ረግጦ የማያውቅ ብቸኛ ቡድን ነን፣ ከ1977 ጀምሮ! በ2001 116 አሸንፈን ያንኪስ በ5 ጨዋታ ነው ያሰናበተን። ስለዚህ ብዙ ማሸነፍ ዋጋ ይኑረው ብል አይፈረድብኝም።

የዳላሷ፦ ላም አለኝ በሰማይ 😂 እሺ ተወው፣ ቅዳሜ ማን ይምጣላችሁ፣ ክሊቭላንድ ወይስ ዲትሮይት?

ልጅ ራይኒየር፦ ክሊቭላንድ፣ ክሊቭላንድ። ከዲትሮይት 15 ጨዋታ ተኩል ርቀው ቆይተው ደርሰው ዲቪዥኑን ነጠቋቸው፣ ያስፈራሉ፣ ግን የዲትሮይቱን ፒቸር ስኩባልን የመሰለ የላቸውም። ዲትሮይት ካለፈ ስኩባል ነገ ስለሚወረውር እኛ ጋ እሁድ ይመጣል፣ 5ኛው ጨዋታ ከደረስን ደግሞ እንደገና። የኛ ፒቸር ብራያን ዉ ደረቱን አሞት መመለሱ እንኳን አልታወቀም። ስኩባል ደግሞ የተማረው እዚሁ ሲያትል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከቤቴ በአውቶቡስ ይደረሳል፣ በጊዜው አንድ ሰው ይዞ ቢያስቀረው ምን ነበረበት።