የፖስታው ሀሳብ፣ ነጥብ 2 እና 3 ላይ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምናስገባው ሀሳብ ነጥብ 1 አልቋል፣ ከዓለም ፖስታ ህብረት ስምምነት ነው የወሰድነው፣ በሀገሪቱ የትም ቦታ፣ ሁልጊዜ፣ አቅም በሚፈቅደው ዋጋ መሠረታዊ ፖስታ ይኑር የሚለው። ደብዳቤና መጽሐፍ እስከ 2 ኪሎ፣ ጥቅል እስከ 20። የቀረው ነጥብ 2፣ "ማድረስ" ስንል እስከ የት ነው የሚለውና ነጥብ 3፣ ወጪውን ማን ይሸፍን ነው።

አባል ከወልድያ፦ እኔ እስከ በር ይድረስ የሚለውን አውጡት ባይ ነኝ። ፖስታችን እኮ ከድሮም በሳጥን ነው የሚሰራው፣ ሰፈሬ መንገዱ ስም የለውም የቤት ቁጥሩም ግማሹ ተፍቋል፣ አድራሻ ስባል "ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ" ነው የምለው። ይልቅ ስልክ ቁጥር እንደ አድራሻ ይቆጠርልን፣ እቃው ሲገባ ኤስኤምኤስ ይላክና ቀበሌ አካባቢ ካለ ሱቅ መታወቂያ አሳይቶ መውሰድ። አሁን መጽሐፍ የምንልከው መናኸሪያ ሄደን ለረዳት ሰጥተን የታርጋ ቁጥር በስልክ ነግረን አይደል?

ጡረተኛው ፖስተኛ፦ ልጄ ልክ ነህ፣ ግን ቀበሌ ድረስ የሚወርድ ነገር ገንዘብ ይፈልጋል። ፖስታችን በምኒልክ ዘመን በ1886 የተጀመረ ነው፣ በ1901 የዓለም ፖስታ ህብረት ገብቷል፣ ገጠሩን ይዞ የኖረው ከተማው እየደጎመው ነው። የግል ኩባንያዎቹ ከተማ ከተማውን ከወሰዱት ገጠሩ በምን ይደረሳል? ደብዳቤ ማድረስ ለመንግስቱ ፖስታ ብቻ ይከለልለት ነው የምለው።

አባል ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። ደቡብ አፍሪካ እስከ 1 ኪሎ ያለውን በህግ ለመንግስቱ ፖስታ ከልላለች፣ የግል እቃ አድራሾቹ (ኩሪየሮቹ) ግን ከ1 ኪሎ በታችም ሲያደርሱ ነው የኖሩት፣ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ከኪሳራ ለማዳን ለባለሙያ አስተዳዳሪ ተሰጠ። ደብዳቤ ራሱ እያለቀ ያለ ነገር ነው፣ የዴንማርክ የመንግስት ፖስታ ከ1624 ጀምሮ የነበረውን የደብዳቤ እደላ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አቁሟል፣ ያለቀ ነገር ከልለን ምን ልንጠቀም ነው። የአውሮፓ ህብረት መመሪያ የሚፈቅደው ይሻላል፣ ሁሉም ኩባንያ ገጠሩን የሚደጉም ፈንድ ላይ ያዋጣ፣ አለበለዚያ መንግስት ከባጀት ይካስ።

የሞተር ዴሊቨሪ ልጅ፦ ሁሉም ስትል እኔንም ነው እንዴ 😅 ቦሌ ለቦሌ ምግብ የሚያመላልስ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው የሚያዋጣው? ከከተማ ከተማ የሚጭኑት ይክፈሉ በሉና ጻፉት፣ ያለዚያ እኔ አልፈርምም።

አባል፣ ማየት የተሳነው፦ ነጥብ 1 አልቋል ተባለ እንጂ አንድ ነገር ተረስቷል። በዚያው ስምምነት የአይነ ስውራን እቃ እስከ 7 ኪሎ የፖስታ ክፍያ የለበትም፣ በአየር ሲሄድ የሚጨመረው ብቻ ሲቀር። ይሄ ግን በሀገራት መካከል ለሚሄደው ነው፣ የሀገር ውስጡን ህጋችን ካልጻፈው ባዶ ነው። አንድ የብሬል መጽሐፍ ብዙ ቅጽ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በኪሎ ከተተመነ ለአንባቢው አይቻልም።

ጸሐፊ፦ ይሄማ መግባት አለበት፣ አስገብቼዋለሁ። ፈንዱም ከከተማ ከተማ በሚለው ይሂድ፣ የሞተር ልጆች ነጻ። ጋሼ፣ የእርስዎን ክለላ በአማራጭነት ከስሩ ልተወው?

ጡረተኛው ፖስተኛ፦ ተዪው፣ ግን ፍጥነትን የሚለካ ነገር ጨምሪ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ከመቶ 95ቱ ደብዳቤ በ3 የስራ ቀን ይድረስ ብላለች። እኛ እንደዛ አንችልም፣ ከተማ ለብቻ ገጠር ለብቻ ቀን ይቆረጥ።

አባል ከወልድያ፦ ማን ነው የሚለካው ግን? ራሱ ድርጅቱ ከሆነ ሁሌም መቶ በመቶ ነው 😂

ጡረተኛው ፖስተኛ፦ ባለሥልጣኑ ራሱ የሙከራ ፖስታ በድብቅ ይልካላ፣ ውጤቱንም በየ3 ወሩ ይለጥፍ።

ጸሐፊ፦ እሺ። ነጥብ 2፦ "ማድረስ ማለት ተቀባዩ በስልክ ተነግሮት ቀበሌው ውስጥ ወይም አጎራባች ቀበሌ ካለ መረከቢያ ሲወስድ ነው"። መረከቢያ በሌለበት ወረዳ ምን ይደረግ የሚለውን ክፍት ትቼዋለሁ፣ የክልል አባላት እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ።